ወደ ሕክምና ትምህርት የሚያስገባው ፈተናና የምዕራብ ሐረርጌ ተማሪዎች ዝግጅት

ስለ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ብዙ ይነገራል፤ የሚነገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስንት ሰው አለፈ፥ ስንት ሰው ወደቀ የሚለው ብቻ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ፈተናው በእርግጥ የሚጠይቀው ምን እንደ ሆነ፥ ከጭሮ (በቀድሞ ስሟ ከአሰበ ተፈሪ)፥ ከሂርና፥ ከበዴሳና ከገለምሶ ሐኪም ለመሆን ተመኝቶ የሚነሣ ተማሪም ለዚያ ለሚጠየቀው ነገር ይዘጋጅ እንደ ሆነ ነው።

አስቀድመን የበሩን አሠራር እንግለጽ። በኢትዮጵያ ለሕክምና ብቻ ተለይቶ ለአገሩ ሁሉ የሚሰጥ አንድ ፈተና የለም። ሐኪም ለመሆን የሚሻ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንደ ጓደኞቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ፥ በሒሳብ፥ በፊዚክስ፥ በኬሚስትሪ፥ በባዮሎጂና አፕቲትዩድ በሚባለው የማስተዋል ፈተና ይፈተናል፤ ከ600 ነጥብ ግማሹን ያላገኘ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ አይገባም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ስለ ሆነ፥ ሕክምና የሚደርሰው የዚያ ዓመት ውጤትም ታይቶ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ጨምሯል። እንግዲህ በሩ አንድ አይደለም፤ ለፈተናው ቀን ብቻ የሸመደደ ሰው የመጀመሪያውን በር ቢያልፍ እንኳ በሁለተኛው ላይ ይቀራል።

ፈተናው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ እውነተኛው መልካችን ታየ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት በ2014 የትምህርት ዘመን ከመቶ 3.3፥ በ2015 3.2፥ በ2016 5.4፥ በ2017 8.4 ነበሩ። ብዙዎች «ፈተናው ከባድ ስለ ሆነ ነው» ይላሉ። ይህን አባባል በሒሳብ እንመዝነው። እያንዳንዱ ጥያቄ አራት ምርጫ ያለው ስለ ሆነና ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ፥ ምንም የማያውቅ ሰው በግምት ብቻ ከመቶ ወደ 25 ያገኛል። ከመቶ ጥያቄ 33ቱን በእርግጥ የሚያውቅ ሰው የቀሩትን 67 ቢገምት፥ 17 ያህሉ ይሳኩለታልና 50 ይደርሳል። ስለዚህ ግማሽ ነጥብ ለማግኘት ግማሹን ማወቅ ግዴታ አይደለም፤ ሢሶውን ማወቅ ይበቃል። ከተፈታኞች ከዘጠና በመቶ የሚበልጡት ይህን ሢሶ ካጡ፥ ጉድለቱ በፈተናው ክብደት ብቻ ሊመካኝ አይችልም።

ታዲያ ሢሶው እንዴት ጠፋ? በእኛ አስተያየት የመጀመሪያው ምክንያት ቋንቋ ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ተማሪው እስከ ስምንተኛ ክፍል ሳይንስን በአፋን ኦሮሞ ይማራል፤ በዘጠነኛ ክፍል ግን መጽሐፉም ፈተናውም ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መጀመሩ መልካም ነው፤ የጎደለው ድልድዩ ነው። ለምሳሌ «ረስፒሬሽን» የሚለውን ቃል መተንፈስ ብቻ ብሎ የያዘ ተማሪ፥ ዕፅዋት በሌሊት ምን ያደርጋሉ ተብሎ ሲጠየቅ ይደናገራል፤ ቃሉ በሴል ውስጥ ከምግብ ኃይል የሚወጣበትን ሥራ የሚገልጥ መሆኑን አላወቀምና። «ኤክሴፕት» የሚለውን ቃል ዘልሎ ያነበበም ትምህርቱን እያወቀ ይስታል። ይህ የባዮሎጂ ድንቁርና አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት የአዘገጃጀቱ ዘዴ ነው። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚባዛው ያለፉት ዓመታት ጥያቄና መልስ የተማሪው ዋና መጽሐፍ ሆኗል። ወረቀቱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ክፉው የመልሱን ፊደል ብቻ መያዛችን ነው። እኛ በሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን አንድ መምህር ትክክለኛውን መልስ ከመቀበላቸው በፊት ሦስቱ ስሕተቶች ለምን ስሕተት እንደ ሆኑ እንድናስረዳ ያስገድዱን ነበር። በዚህ ዓይነት አንዱ ጥያቄ አራት ትምህርት ይሆናል፤ ፊደሉን ብቻ የያዘ ግን ጥያቄው ጥቂት ሲለወጥ ባዶ እጁን ይቀራል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንደ ተባለው ነው።

ስለ ሌሊት ጥናትም አንድ ቃል እንጨምር። ጫት በዚህ አገር የብዙ ቤተ ሰብ መተዳደሪያ ነውና ገበሬውን ለመንቀፍ አንነሣም። ነገር ግን የተማርነው በአእምሮ የሚረጋው በእንቅልፍ ጊዜ ስለ ሆነ፥ በፈተና ሰሞን በጫት ኃይል ሌሊቱን የሚያነጋ ተማሪ ካነበበው ብዙውን መልሶ ያጣዋል።

ሒሳችን በተማሪው ላይ ብቻ ቢያርፍ ግን ፍርደ ገምድል እንሆናለን። በሕንድ አገር ለሕክምና የሚሰጠው ኒት የተባለው ብሔራዊ ፈተና በፊዚክስ፥ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ 180 ጥያቄዎች ሲኖሩት፥ በ13 ቋንቋዎች ይሰጣል። ይህ የሳይንስ ዕውቀትና የእንግሊዝኛ ዕውቀት ተለያይተው ሊመዘኑ እንደሚችሉ ያሳያል። በእኛ አገር ግን እንግሊዝኛ ለብቻው ተፈትኖ ሳለ፥ በባዮሎጂውና በኬሚስትሪው ውስጥ እንደ ገና ይፈተናል። ፈተና አዘጋጆች ቢያንስ የጥያቄው አነጋገር አጭርና ግልጽ እንዲሆን ሊጠነቀቁ ይገባል።

ነገሩ የጥቂት ተማሪዎች የግል ዕድል ብቻ አይደለም። በጭሮና በገለምሶ ሆስፒታሎች የብዙዎች እናቶች የሕመም ንግግር አፋን ኦሮሞ ነው። ያን ንግግር ከልጅነቱ የሚያውቅ ብላቴና በእንግሊዝኛ ቃላት እጥረት ምክንያት ከበሩ ቢመለስ፥ የሚጎዳው እርሱ ብቻ ሳይሆን በሽተኛውም ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ ተማሪው ከዘጠነኛ ክፍል የመጀመሪያ ወር ጀምሮ የእንግሊዝኛውን ቃል፥ የአፋን ኦሮሞውን ትርጉምና በገዛ አባባሉ የጻፈውን ማብራሪያ ጎን ለጎን የሚይዝበት ደብተር ይኑረው። ሁለተኛ፥ ከእነዚህ ከተሞች የመጣን የኮሌጅ ተማሪዎች በክረምት ዕረፍት ስንመለስ የመልስ ወረቀት ይዘን ከመሄድ ይልቅ፥ ከታናናሾቻችን ጋራ ተቀምጠን «ይህኛውስ ለምን አልሆነም?» ብለን እንጠይቃቸው። ይህ ገንዘብ አያስወጣም፤ የአዋጅ ፈቃድም አይጠብቅም።