ሁለት ንባብ ያለው ቤት፤ ስለ ገነተ ልዑል ሙዚየም አቀራረብ

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. በአምባሰል አገር በውጫሌ የተፈረመው ውል በአማርኛና በኢጣልያንኛ የተጻፈ ነበር። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲላላኩ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም እንደሚችሉ ሲገልጽ፣ የኢጣልያንኛው ግን ይህንኑ እንደ ግዴታ አቀረበው። ስለዚህ የውሉን ታሪክ የሚመረምር ሰው አንዱን ንባብ ይዞ ሌላውን ቢተው የዐድዋን ጦርነት መነሻ ሊያስረዳ አይችልም። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኝበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም እንዲሁ ሁለት ንባብ ያለው ቤት ነው።

ቤቱ ከወረራው በፊት ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተሠራ፤ በወረራው ዘመን የግራዚያኒ መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ሲሆን፣ በተከታዮቹ ሦስት ቀኖች ብዙ ሺህ ሕዝብ ተፈጅቷል። በታኅሣሥ 1953 ዓ. ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ደግሞ መኳንንትና ሚኒስትሮች በአረንጓዴው ሳሎን ተገደሉ፤ በ1954 ዓ. ም. ቤቱ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ከፊቱ የቆመው ጠመዝማዛ ደረጃ ከ1915 ዓ. ም. ጀምሮ የፋሽስትን የሥልጣን ዓመታት እንዲቈጥር በጠላት የተሠራ ነው። ከነጻነት በኋላ ግን ሳይፈርስ የይሁዳ አንበሳ ከጫፉ ላይ ተቀመጠበት። በዚህም የድል አድራጊው ንባብ የተሸናፊውን ሳይፍቅ ከላዩ ተጻፈ።

የሙዚየሙ አቀራረብ ይህን ያህል አስተዋይ አይደለም። የሕዝቦችን ዕቃ በጎሣና በክፍለ ሀገር ከመደርደር ይልቅ ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ማዘጋጀቱ በእውነት የሚመሰገን ነው፤ ሕዝቦችን ሳያበላልጥ ጐን ለጐን ያሳያልና። ነገር ግን የቤቱ ታሪክ በመግቢያው ሲቀር፣ የንጉሠ ነገሥቱም መኝታ ቤት ለብቻው ሲታይ፣ ዓመተ ምሕረት ለገዥዎች፣ ዕድሜ ብቻ ለሕዝብ የተሰጠ ይመስላል። ወረራውም ሆነ ዐመፁ በገበሬው፣ በሸማኔውና በእናቲቱ ሕይወት ያላለፈ ይሆናል።

ጉድለቱ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው ስለ ሞት በሚናገረው ክፍል ነው። የቀብርና የለቅሶ ወግ በሚታይበት ቤት ደጃፍ፣ በየካቲት 1929 ዓ. ም. በጅምላ የተቀበሩት ወጉ ያልደረሳቸው ሰዎች ናቸው። ወጉ የተቋረጠበት ቀን ከወጉ አጠገብ ቢጻፍ፣ ተመልካቹ ባህልን ዘመን የማይነካው ነገር አድርጎ ከመመልከት ይድን ነበር። ከደጅ ያለው አንበሳ ያስተማረውን ይህን ትምህርት ሙዚየሙ ወደ ውስጥ ሊያስገባው ይገባል።