የሰርቪስ ቤት ውለታ

በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እስከ 60 ሺህ ሠራተኞችን እንዲይዝ ሲታቀድ፣ ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠሮች የሚመጡት ወጣት ሴቶች የት ይደሩ የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው ለከተማዋ ቀረ፤ ክፍተቱን ከሸፈኑት መካከል ግንባር ቀደሞቹም በግቢያቸው ሰርቪስ ቤት የሠሩ ነዋሪዎች ናቸው። ሰርቪስ ቤት ከዋናው ቤት ጀርባ አጥር ተጠግቶ በተርታ የሚሠራ፣ ብዙ ጊዜ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ ክፍል ሲሆን፣ በሩ ለየብቻ ቢሆንም የውኃ ቧንቧው፣ መጸዳጃ ቤቱና የመብራት ቆጣሪው የጋራ ነው።

ኮንዶሚኒየም፣ ማለትም መንግሥት ገንብቶ በዕጣ የሚያስተላልፈው የጋራ መኖሪያ ሕንፃ፣ ቅድሚያ ክፍያና ቁጠባ ስለሚጠይቅ ለአዲስ መጤ ደመወዝተኛ የሚቀመስ አይደለም፤ በሰርቪስ ቤት ግን ሦስት ወይም አራት ሠራተኞች አንዱን ክፍል ተጋርተው፣ የወር ኪራዩን አዋጥተው ኑሮ ይጀምራሉ። የክፍሎቹ ጥበትና የኪራዩ መናር ባይካድም፣ የልማዱ ትልቁ ቁም ነገር ባለይዞታውንና ዝቅተኛ ደመወዝተኛዋን በአንድ ሰፈር፣ በአንድ የግቢ በር ማገናኘቱ ነው። ለሁሉም የገቢ ደረጃ የሚሆን ቤት የሚባለውን የከተማ ፕላን ሐሳብ በተግባር የሚያሳዩትን እነዚህን ነዋሪዎች ከተማዋ በውኃ መስመርና በፍሳሽ ማስወገጃ ብታግዛቸው፣ ትርፉ የራሷ ነው።