«ማንጸባረቂያ» እና «ጎማ»፦ ስለ አንድ የዕቃ ስያሜና መመሪያ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላት ጉድለት በፊዚክስና በሕክምና መጻሕፍት ብቻ የሚታይ አይደለም። በመለዋወጫ መደብር መደርደሪያ ላይ ያለ አንድ ጠርሙስም ለቃላት አጥኚው በቂ ጥያቄ ያቀርባል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የተሽከርካሪን የፕላስቲክ፣ የቪኒልና የጎማ ገጾች ከፀሐይ ጉዳት ለመጠበቅ የሚረጨውን ፈሳሽ ነው። ይህ ዕቃ በአማርኛ «ፖሊሽ»፣ «ማንጸባረቂያ»፣ አንዳንድ ጊዜም «መጠበቂያ» ይባላል። በእኛ አስተያየት ሦስቱም ስያሜዎች ጎዶሎ ናቸው፤ ከሦስቱ ይልቅ የሚያሳስበን ግን በመመሪያው ውስጥ የሚገባው «ጎማ» የሚለው ቃል ነው።

ከስያሜው በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባል። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኙ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ናቸው። ከፍታ 1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በእነዚህ ከተሞች ሜዳ ላይ ቆሞ የሚውል ሚኒባስ የሚያርፍበት ጨረር ቀላል አይደለም። ጨረሩ የፕላስቲክን ረዣዥም ሞለኪውሎች ይቆራርጣል። ቪኒል እንዲለሰልስ የተጨመረበት ቅመም ቀስ በቀስ ሲለቀው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃልም። ጎማን ደግሞ ከጨረሩ በተጨማሪ በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ይሰነጥቀዋል። የብዙዎቹ ፈሳሾች መሠረት ሲሊኮን ሲሆን፣ በገጹ ላይ ስስ ልባስ ይተዋል፤ ጨረር የሚውጥ ቅመም የሚጨመርባቸውም አሉ። ብልጭታው ከልባሱ የሚመጣ እንጂ የጥበቃው መለኪያ አይደለም። ስለዚህ «ፖሊሽ» እና «ማንጸባረቂያ» የዕቃውን ዋና ተግባር ትተው ትርፉን ይሰይማሉ።

የውጭ አምራቾችም ከዚህ ችግር ነፃ አልነበሩም። በ1962 እ.ኤ.አ. ጆ ፓልቸር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት የሠራው ፈሳሽ መጀመሪያ «ትሪድ ኦን» ተብሎ ነበር፤ ይህም «ቆሻሻ የለም» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ፊደሎቹ ወደ ኋላ ተገልብጠው ሲነበቡ ነው። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ የቀረበው ግን «አርሞር ኦል» በሚል ስም ነው። «አርሞር» በእኛ ቋንቋ ጥሩር ማለት ነው። የመጀመሪያው ስም ስለ ንጽሕና፣ ሁለተኛው ስለ ጥበቃ ይናገራል፤ ስሙ ሲለወጥ ገዢው ስለ ዕቃው የሚያስበው ነገር አብሮ ተለወጠ።

ታዲያ «መጠበቂያ» አይበቃም ወይ? ቃሉ ጥበቃን ይዟል፤ ነገር ግን የ«መ—ያ» ቅርጽ መሣሪያንም ቦታንም ስለሚያመለክት፣ በተሽከርካሪ ዓለም «መጠበቂያ» ሲባል አስቀድሞ ትዝ የሚለው መንገደኛ አውቶቡስ የሚጠብቅበት ስፍራ ነው። በዚህ ምክንያት «ገጽ ጠባቂ» የሚለውን እናቀርባለን። የሚጠበቀው ምን እንደ ሆነ ይናገራል፤ ስለ ብልጭታ ተስፋ አይሰጥም።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። «ጎማ» ከጣሊያንኛ የገባ ቃል ነው። በእኛ ዘንድ የቁሱም፣ ከቁሱ የተሠራው የመኪና እግርም ስም ሆኗል። እንግሊዝኛ ለሁለቱ ሁለት ቃላት አሉት። ተርጓሚው «ለፕላስቲክ፣ ለቪኒልና ለጎማ» ብሎ ሲጽፍ የበርና የመስኮት ዙሪያ ጎማን አስቦ ይሆናል፤ ከቢቸና ወደ ሞጣ ሊነሣ የተዘጋጀ ሹፌር ግን የሚረዳው የሚሽከረከረውን ጎማ ነው። ዝቅ ብሎ «ጎማ ላይ አይረጩ» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢያገኝ፣ መመሪያው ራሱን የሚያፈርስ ይሆንበታል። ፈሳሹ ገጽን ያንሸራትታል፤ መሬት የሚነካው የጎማ ፊት፣ መሪውና የፍሬን መርገጫው ላይ ከተረጨ አደጋው የሰው ሕይወት ነው። ጥፋቱም የሹፌሩ ሳይሆን የተርጓሚው ነው።

«አገባቡ ያስረዳል፤ ጎሚስታውም ልዩነቱን ያውቃል» የሚሉ ይኖራሉ። በንግግር እውነት ነው፤ ያልገባው ሰው ይጠይቃልና። ጠርሙስ ግን አይጠየቅም። ስለዚህ በጽሑፍ «ጎማ» ብቻውን እንዳይቆም፣ ሁልጊዜ «የበር ጎማ»፣ «የመስኮት ጎማ»፣ «የመኪና እግር ጎማ» እየተባለ በዘርፍ እንዲታሰር እንመክራለን። አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም፤ ሕዝቡ ያለውን መለየት ይበቃል።

ስለ ግሡም አንድ ነገር እንጨምር። በትርጉም መመሪያዎች «ይተግብሩ» የሚል ትእዛዝ ያጋጥማል። የሚተገበር ሕግና ዕቅድ ነው፤ ፈሳሽ ይረጫል ወይም ይቀባል። የምናቀርበው አነጋገር ይህ ነው፦ «ገጹን አጥበው ያድርቁ። ገጽ ጠባቂውን በጨርቅ ላይ ረጭተው በስሱ ይቀቡ፤ ትርፉን ይወልውሉ። መሬት የሚነካውን የመኪና እግር ጎማ ፊት፣ መሪውንና የፍሬን መርገጫውን አያስነኩ።»

ይህን አነጋገር የሚፈትነው የስያሜ ጉባኤ ብቻ መሆን የለበትም። በቢቸና መኪና የሚያጥበው ወጣትና በሞጣ ጎማ የሚጠግነው ባለሙያ አንብበው አንድ ዐይነት ሥራ ከሠሩ ትርጉሙ ተሳክቷል፤ የተለያየ ሥራ ከሠሩ ግን ቃላችን ምንም ያማረ ቢሆን መታረም አለበት።