መቃ ብዕርና የበሬው ሻኛ

እንስሳ በቀለም ስስል ከዓይን አልጀምርም። ጀማሪ ሁሉ ዓይን ይቀናዋል፤ ዓይኑ አምሮ አካሉ በድን ይሆንበታል። እኔ የምፈልገው ክብደቱ የት እንዳረፈ ነው። የሚያርስ በሬ ከሆነ ነገሩ ሁሉ ሻኛው ላይ ነው። ቀንበሩ ሻኛው ላይ ደገፍ ይላል፣ አንገት ወደ ታች ያዘነብላል፣ የኋላ እግር አፈሩን ይገፋል። ከሻኛ እስከ ሰኮና የሚወርድ አንድ መስመር ይህን ከያዘ፣ ቀንዱን ብጨምርም ባልጨምርም በሬው ያርሳል።

ለዚህ ሥራ ከፋብሪካ ብዕር ይልቅ መቃ እመርጣለሁ። እንደ ብራና ጸሐፊዎቹ ጫፉን በሰያፍ ቆርጬ መሐሉን እሰነጥቀዋለሁ። ጫን ሲሉት ስንጥቁ ከፈት ይልና መስመሩ ይወፍራል፤ ቀለል ሲያደርጉት ይቀጥናል። ቀለሙ ሊያልቅ ሲል የሚመጣው ደረቅና የተቆራረጠ መስመር ደግሞ ለፋርጣ በግ ጠጉር የተሠራ ይመስላል። የጥንቶቹ ቀለማቸውን በጥላሸት ለወራት ያዘጋጁ ነበር። እኔ ከሱቅ ነው የምገዛው፤ ትዕግሥቱ የለኝም።

የጥንቶቹን ካነሳሁ አይቀር፣ በሥላሴ ሥዕል ዙሪያ የሚሳሉትን አርባዕቱ እንስሳ ልብ ብላችሁ እዩ። ሠዓሊው በሬን በየቀኑ ያያል፤ አንበሳውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ሥዕል ነው የሚቀዳው፤ ያስታውቃል። ጥላ የላቸውም ብሎ የሚነቅፋቸው አለ። አልስማማም፤ ያ ደፋር ጥቁር መስመር የጥላውን ሥራ ሠርቶታል።

ከደብረ ታቦር በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ጉና ላይ ጭላዳ አለ፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የማይገኝ እንስሳ። ሣሩን የሚበላው ተቀምጦ ነው፤ በሁለት እጁ እየነጨ፣ ሳይነሣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ። ስለዚህ ክብደቱ ታች ነው፤ መስመሩም እዚያው ይወፍራል። የወንዱን ጎፈር መቃውን ፈጠን አድርጎ መሳብ እንጂ ጠጉር መቁጠር አያዋጣም። ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ራቁት ቆዳ በጥቁር ቀለም እንዴት ትስለዋለህ ይሉኛል። አልስለውም። ወረቀቱን ባዶ ትቼ ዙሪያውን ጎፈሩን አጠቁራለሁ፤ ተመልካቹ ራሱ ያቀላዋል።

ሥዕል ለምታስተምሩ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችሁን ከፎቶግራፍ መቅዳት አስቁሙና ከብት ገበያ ውሰዷቸው፤ ላጲሱንም ቤት ይተዉት። በሬው ዝም ብሎ አይቆምላቸውም፤ አይቁም። መቃው እንደሆን ከወንዝ ዳር በነጻ ይገኛል።