ድጎማና ወላድ በሾርት ክሪክ
ስለ ጆን ክራካወር መጽሐፍ የቀረበ ሒስ

ጆን ክራካወር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2003 ያወጡት «አንደር ዘ ባነር ኦቭ ሄቨን» የተባለው መጽሐፍ ዋና ጉዳዩ በ1984 በዩታ የተፈጸመ የነፍስ ግድያ ነው። ይሁን እንጂ በዩታና በአሪዞና ወሰን ላይ ስላለው ስለ ሾርት ክሪክ፥ ይኸውም ስለ ሂልዴልና ስለ ኮሎራዶ ሲቲ የጻፉት ክፍል ለብዙ አንባቢ የዕውቀት ምንጭ ሆኖአልና ሊመረመር ይገባዋል።

ደራሲው መንግሥትን የሚጠላ ማኅበር ከዚያው መንግሥት ድጎማ መቀበሉን «አውሬውን ማድማት» በሚለው የማኅበሩ አነጋገር ያስረዳሉ። አነጋገሩ በእርግጥ አለ፤ ነገሩን ግን አይፈታውም። ሕግ የሚያውቀው የመጀመሪያይቱን ሚስት ብቻ ስለ ሆነ፥ ከእርስዋ በኋላ የመጡት በመዝገብ ላይ ባል የሌላቸው እናቶች ናቸው። ድጎማው በእናቲቱ ስም ይወጣል፤ በድጎማው ላይ የሚያዝዘው ግን ሌላ ነው። ይህም ከመጽሐፉ በኋላ በ2016 በግልጽ ታየ፤ 11 የማኅበሩ አባሎች ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሚገመት የምግብ ድጎማ ማጭበርበር ሲከሰሱ፥ የክሱ ፍሬ ነገር ምግቡ ወደ ማኅበሩ የጋራ ጎተራ ገባ የሚል ነበር። ተከሳሾቹም ንብረትን ለማኅበር መቀደስ የሃይማኖት ግዴታ ነው ብለው ተከራከሩ።

የደራሲው ሚዛን ወደ ወንዶቹ ነቢያትና ወደ ጠባቸው ያጋደለ በመሆኑ ወላዲቱ ከጥላው ሥር ትቀራለች። ሐኪም ዘንድ የምትቀርብ ነፍሰ ጡር የልጅዋን አባት ስም ትጠየቃለች፤ መልሱም ለባልዋ የወንጀል ማስረጃ ሊሆን ይችላል። በሐምሌ 1953 የአሪዞና ፖሊስ 263 ልጆች ከሾርት ክሪክ ወስዶ ነበር፤ በ2008 ደግሞ በቴክሳስ ከ400 በላይ ልጆች ከተወሰዱ በኋላ የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲመለሱ አዘዘ። ይህን የምታስታውስ እናት ነርስን ከፖሊስ ለይታ ብታያት የሚያስደንቅ በሆነ ነበር።

በ1990 ዶክተር ቴዎዶር ታርቢ በአንድ የማኅበሩ ልጅ ላይ ያገኙት የፉማሬዝ ጉድለት፥ የሕፃናትን አንጎል የሚጎዳ ብርቅ ደዌ፥ ብዙ ሚስት ከማግባት ብቻ የመጣ አይደለም። ከጥቂት መሥራች ቤተ ሰቦች የተወለዱ እርስ በርሳቸው ስለ ተጋቡና ደጁም ስለ ተዘጋ ነው፤ ልዩነቱ ለተመራማሪ ትልቅ ነው።

ዩታ በ2020 ፈቅደው የሚኖሩ ዐዋቂዎችን ድርጊት ከከባድ ወንጀል ወደ ደንብ መተላለፍ ዝቅ ያደረገችው የተበደሉት ሳይፈሩ እንዲናገሩ ነው። በአሪዞና ግን ሕገ መንግሥቱ ራሱ ይከለክላል፤ ሁለቱ ከተሞች ደግሞ ጎን ለጎን ናቸው።