በፈረሰች ምድር ላይ ስለ ተያያዙ እጆች

የዓለምን መጥፋት የሚተርኩ ድርሰቶች አብዛኛውን ጊዜ እሳትንና ረኀብን፣ ሰይፍንና ዋይታን ያበዛሉ፤ ስለዚህ ተመልካቹ ደንግጦ ይወጣል እንጂ ተመክሮ አይወጣም። አንድሩ ስታንተን ያዘጋጀው፣ ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ የሥዕል ፊልም ድርጅት በአውሮጳ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. ያወጣው «ዎል ኢ» ግን ከዚህ መንገድ ፈቀቅ ብሎ፣ ምድር ባድማ ከሆነች በኋላ ስለ ተገኘ የዋህ ፍቅር ይናገራል። ይህን የሚሰማ ሰው «አገር ፈርሶ ሳለ የፍቅር ወግ ምን ይረባል? የሕፃናት መደለያ አይደለምን?» ቢል አይፈረድበትም። ስለሆነም ነገሩን መርምሮ መፍረድ ይገባል።

ዘመኑ 2805 ነው። ሰዎች ሸቀጥ በመሰብሰብ ብዛት ምድርን ጥራጊ ስለ ሞሏት፣ አክሲዮም በምትባል መርከብ 700 ዓመት በጠፈር ይንሳፈፋሉ። በምድር የቀረው ጥራጊውን እየጨመቀ የሚከምር አንድ ትንሽ ሮቦት፣ ይኸውም በራሱ የሚሠራ መኪና ሲሆን፣ ባልንጀራው አንዲት በረሮ ብቻ ናት። ኋላም ሕያው ተክል እንድትፈልግ የተላከች ነጭ ሮቦት ከሰማይ ወረደች፤ ስሟም ኢቭ ነው፤ ኢቭ ማለት በእንግሊዝኛ ሔዋን ማለት ነው። በአሮጌ ጫማ ውስጥ ያኖራትን ቡቃያ ከሰጣት በኋላ እርሷ ቡቃያዋን በሆዷ ይዛ ድምፅዋ ጠፋ። እርሱ ግን በዝናምና በመብረቅ መካከል ጥላ ዘርግቶላት ተቀመጠ። ብቻውን ለኖረው ረዳት መምጣቷ አዳምን፣ ቅጠል ይዛ ወደ መርከብ መመለሷ የኖኅን ርግብ እንደሚያሳስብ መጽሐፍ የሚያውቅ ሁሉ ሳይነገረው ያስተውላል።

የሥራው ሙያ በዝምታው ይታወቃል። በመጀመሪያው ክፍል ንግግር እጅግ ጥቂት ነው፤ ሁለቱ የሚናገሩት ስማቸውንና ጥቂት ቃላትን ብቻ ነው። የዎል ኢን ድምፅ የሠራው ቤን በርት የተባለው የድምፅ ባለሙያ ሲሆን፣ ደስታውም ኀዘኑም በዚያ ድምፅ አወጣጥ ይለያል። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ብዙ ምሥጢር እንደሚሸከም ሁሉ፣ እዚህም ያልተነገረው ከተነገረው ይበልጣል።

ሰምና ወርቅ መፈለግ የለመደ ሰው አንዲት ትንሽ ነገር አትለፈው። ዎል ኢ ከጥራጊው መካከል የአልማዝ ቀለበት ያለበት ሳጥን ያገኛል፤ ቀለበቱን ወርውሮ ሳጥኑን ያኖራል። ተመልካቹ ይሥቃል። ነገር ግን ሰዎች ምድርን ያበላሹት ለዕቃ ዋጋ ሰጥተው እንደ ሆነ ሲታሰብ ሣቁ ይከብዳል። ይህ ሮቦት የሚመኘው ጌጥ ሳይሆን እጅ ነው፤ በ1969 ዓ.ም. በወጣው «ሄሎ ዶሊ» በተባለ ፊልም ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ሲያያዙ አይቶ ናፍቋልና። የዚህ ድርሰት ኅብሩም «እጅ» ነው፤ የሚሠራ እጅ አለ፣ የሚይዝ እጅ አለ። በመርከቢቱ ያሉ ሰዎች በሚንሳፈፍ ወንበር ተኝተው ሁለቱንም እጅ አጥተዋል። ጆንና ሜሪ የተባሉት ሁለት ተሳፋሪዎች እጃቸው ሳያስቡት ሲነካካ መደንገጣቸው ከብዙ ስብከት ይልቅ ያስረዳል።

ጉድለት የለበትም ማለት ግን አይደለም። ታሪኩ ወደ መርከቢቱ ሲገባ ሩጫና ግርግር በዝቶ የፊተኛው ጸጥታ ይበተናል። አውቶ የተባለው የመርከቢቱ መሪ መኪናም ክፋቱ የታዘዘውን ከመፈጸም በቀር ሥር የለውም። በመጨረሻ ዎል ኢ ተሰብሮ ሲጠገን ወዳጁን አለማወቁ ልብ ይነካል፤ ነገር ግን እጇ በእጁ ሳለ አሳቡ ፈጥኖ ስለ ተመለሰ፣ ኀዘኑ ሳይበስል ተነሥቷል። ብልኅ ደራሲ ጥቂት ባስጠበቀ ነበር።

ይህም ሆኖ ሥራው በ2009 ዓ.ም. የአካዳሚ ሽልማትን አግኝቷል፤ በ2021 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ተጠብቀው እንዲኖሩ ከተመረጡት ፊልሞች መዝገብ ገብቷል። ክብሩ ግን ከሽልማቱ አይደለም። ከላይ ለተነሣው ጥያቄ መልስ መስጠቱ ነው፤ የመርከቢቱ አለቃ ወደ ምድር ለመመለስ የቈረጠው ስለ ጥፋት ተገሥጾ ሳይሆን፣ የእርሻንና የምድርን ነገር ጠይቆ ስለ ወደዳት ነው። ሰው የማይወደውን አይጠግንም። እንግዲህ በዚህ የዋህ ፍቅር ደስ የሚለው ተመልካች ከቁም ነገር እንደ ሸሸ አይቈጠርበት፤ ልጆቹንም አጠገቡ አስቀምጦ ቢያየው መልካም ነው።