ሊማሊሞን በእግር

ከጎንደር ተነስቶ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ደባርቅ ለደረሰ መንገደኛ፣ የወገራ ደጋ አገሩ ሁሉ እንዲሁ የሚቀጥል ያስመስልበታል። ከተማዋን ወደ ሰሜን ለቀቅ ሲያደርግ ግን ምድሩ ያልቅና ሊማሊሞ ይጀምራል። ከአፋፉ እስከ ቆላው ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ከመኪና መስኮት፣ ያውም በፍርሃት ዓይናችንን ጨፍነን ነው። ከታች ወደ ላይ በእግሩ የወጣ ሰው ግን ከገደሉ ይልቅ ገደሉ ላይ የተሠራውን ሥራ ያያል።

ሥራው ሁለት ነው። አንዱ ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 ዓ.ም. በኋላ ያወጣው የመኪና መንገድ ነው። ሌላው ከዚያ እጅግ የቀደመው የእግርና የበቅሎ መንገድ ነው። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር የዘለቀው በዚህ በኩል ነበር፤ መንገዱ በጣም ጠባብ እንደሆነና በገደል አፋፍ ላይ እየተጠማዘዘ እንደሚወጣም ጽፏል። አሞሌ ጨው የጫነ የሲራራ ነጋዴ ግን ብሩስን ሳይጠብቅ ሲወጣበትና ሲወርድበት ኖሯል።

በመጀመሪያ ዓይን የሚስበው የመኪናው መንገድ ካብ ነው። መንገዱ ለወራሪ ጦር ማመላለሻ እንደተሠራ አልረሳም። ወልቅፊት በተባለው በር ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. ድረስ እጁን ያልሰጠውም ይህን በር ይዞ ነው። ድንጋዩን እየጠረበ የደረደረው ሠራተኛ ግን ሌላ ሰው ነው፤ የማደንቀውም የእሱን እጅ ነው። ደህና የተካበበትን ቦታ ቀርባችሁ እዩ። ካቡ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ጀርባውን ለተራራው ሰጥቶ በትንሹ ዘንበል ብሏል። ከታች ያለው ድንጋይ ትልቅ ነው፤ ወደ ላይ እየቀለለ ይሄዳል። ሁለት ድንጋዮች የተጋጠሙበት ስንጥቅ ከላዩ በተጋደመው ድንጋይ ወገብ ይዘጋል እንጂ ተያይዞ አይወርድም። ፊት ለፊት የምናየው የድንጋዩን አጭር ጎን ነው፤ ረጅሙ ጎን ወደ ውስጥ ገብቶ አፈሩን ነክሶ ይዟል። ለይምሰል የሚካብ ሰው ይህን ይገለብጠዋል፤ ሰፊውን ፊት ወደ ውጭ አውጥቶ በጥቂት ድንጋይ ብዙ ግድግዳ ያሳያል፣ ክረምትም ያፈርስበታል። የሊማሊሞ ክረምት ደግሞ ቀላል አይደለም። ካብን የሚጥለው የመኪናው ክብደት ሳይሆን ከጀርባው የሚታቆረው ውኃ ነውና፣ ውኃው የሚያልፍበትን ቀዳዳ የተወ ግንበኛ ሙያውን አውቋል።

ያም ሆኖ፣ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል የበቅሎውን መንገድ እመርጣለሁ። የመኪናው መንገድ ተራራውን በድማሚት ሰብሮ የሄደ ነው። የበቅሎው መንገድ የተራራውን ባሕርይ አውቆ ይሄዳል። ሰሜን ተራሮች በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ከከርሰ ምድር ፈልቶ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየፈሰሰ በረጋ እሳተ ገሞራ የተሠሩ ናቸው። ጠንካራው ንብብር ገደል ሆኖ ይቆማል፤ በመካከል ያለው ለስላሳና ቀላ ያለ ንብብር ተሸርሽሮ እርከን ይሆናል። የጥንቱ መንገድ እርከኑን ይዞ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ይሄዳል፤ ገደሉ ተሰንጥቆ በር የከፈተበት ቦታ ሲደርስ ብቻ ሽቅብ ይታጠፋል። ትክክለኛውን ስንጥቅ ለይቶ ማወቅ ነው ጥበቡ። ከመቶ እርምጃ በኋላ ያለው ስንጥቅ ከሩቅ ሲያዩት ይቀላል፤ ሲጠጉት ግን ጭነት አያሳልፍም።

እነዚህ በሮች ላይ እጅም ይሠራል። ጥቁሩ ድንጋይ ሻካራ ስለሆነ መዳፍ ይይዛል፤ በውስጡ እንደ ስንዴ ፍሬ የተበተኑ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ፤ ድሮ ጋዝ የነበረባቸው ቀዳዳዎች በሌላ ማዕድን ተሞልተው ነው። ክብደትን ከመጣል በፊት ድንጋዩን ገፋ አድርጎ መፈተን ያስፈልጋል፤ ጎርፍ ያወረደው ልቅ ድንጋይ ከቋሚው ጋር ተመሳስሎ ይቀመጣልና። እግር የሚያርፍበት ቦታ ላይ ግን ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጋድሞ፣ ከሥሩ በትንንሽ ጠጠር ተወትፎ ታገኛላችሁ። ይህን ያደረገው ተቀጣሪ ሳይሆን አህያው እንዳትሰበርበት የሰጋ ገበያተኛ ነው። ድንጋዩ ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው በትንሹ ያዘነበለ ነው፤ ዝናብ ቢያርሰውም ኮቴ ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይንሸራተትም። ከካቡ ጋር አንድ ሐሳብ ነው፤ ያለ መሐንዲስ የተደረሰበት።

ለመውጣት ጥቅምትና ኅዳር ደግ ናቸው። መስከረም ላይ ድንጋዩ ገና አልረጋም፤ መጋቢት ላይ ደግሞ የቆላው ሙቀት ዳገቱ ሳይጀመር ጉልበት ይጨርሳል። ጎህ ሳይቀድ መነሳት፣ ውኃ ከታች መያዝ፣ መንገዱንም ከአካባቢው ሰው ጠይቆ መያዝ ነው፤ የመኪናውን መንገድ ጥምዝ በማቋረጥ የሚወጡት ዱካዎች ብዙ ናቸው፣ የፍየል መንገድ ሆነው የሚቀሩም አሉባቸው። የጭነት መንገዱን ለመለየት መሬቱን ከማየት ይልቅ በጠባቡ በር ግራና ቀኝ ያለውን ድንጋይ በወገብ ከፍታ ላይ ዳስሱ፤ ጭነት ሲታከከው የኖረ ድንጋይ ልስልስ ይላል።